ንግሥት ዘውዲቱና የደም ሥሮች ነገር

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ሹመታቸውና ጦርነታቸው፣ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያንና ያወጡት ሕግ በሰፊው ይነገራል፤ ሥጋቸው የቻለው ሕመም ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ ንጉሥም ቢሆን የሚኖረው እንደ ማንኛችንም በደምና በጡንቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እንተርክና፣ እርሳቸው ታመውበት የነበረው የስኳር ሕመም በሰው ጡንቻና በደም ሥር ላይ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ የቤተ መንግሥት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበት ነበር፤ ዳሩ ግን የሀብታም በሽታ እየተባለ የኖረው ይህ ሕመም ዛሬ ዓባይን ተሻግሮ ቢቸናና ሞጣ ገብቷል። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ እናታቸውም የወሎ ባላባት ልጅ ወይዘሮ አብቺው ነበሩ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ ጋብቻ የመንግሥት ጉዳይ ነበረና፣ በ1875 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያም በኋላ ሌላ ትዳር ይዘው ፈቱ፤ በመጨረሻ በ1892 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ፣ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ከቀደሙት ጋብቻዎች ሁሉ ፍቅርና ሰላም የነበረበት ይኸኛው እንደ ነበረ ይነገራል።

በዚያው ወራት የአባታቸው ጤና መድከም ጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክን ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ የአንጎልን የደም ሥር የሚያጠቃው ሕመም ደጋግሞ መታቸው። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣባቸው ግን ከሁሉ የከፋ ነበርና አካላቸውን ሽባ፣ አንደበታቸውን ዝም አደረገው። የዐድዋው ድል አድራጊ እንዲህ ሆነው ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። አልጋውን የወረሱት ልጅ ኢያሱ አክስታቸውን ዘውዲቱን በጥርጣሬ ያዩ ስለ ነበር፣ እርሳቸውም ባላቸውም ከአዲስ አበባ ርቀው በገጠር ተቀመጡ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኰንንን አልጋ ወራሽ አደረጉ። የካቲት 4 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ዘውዱ ግን በነጻ አልተሰጣቸውም፤ ከሚወዱት ባላቸው እንዲለዩ ግድ ሆነባቸው፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እንዲገዙ ወደዚያ ተላኩ። በንግሥቲቱ ዘመን ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግም ወጣ። የመንግሥቱን ሥራ እየዋለ እያደረ የያዙት ተፈሪ ነበሩ። ንግሥቲቱ በጾምና በጸሎት፣ አብያተ ክርስቲያናትንም በማነጽ ጸኑ። አባታቸው ያረፉበትን የበዓታን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ኋላ እርሳቸውም እዚያው ተቀበሩ።

በ1921 ዓ.ም. ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑ። ይህን ያልወደዱት ራስ ጉግሣ በበጌምድር ሸፈቱና፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት አውሮፕላን ከላይ፣ የመሐል ጦር ከፊት መጥቶባቸው ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 53 ነበር። አስቀድሞ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ በዚያም ላይ ብርቱ የአንጀት ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ሕዝቡ የባላቸው ሞት ኀዘን ገደላቸው አለ። በከተማው የነበሩ የውጭ አገር መልእክተኞች ደግሞ ትኩሳቱ እንዲበርድላቸው በጣም በቀዘቀዘ ጸበል ተነክረው ሰውነታቸው በድንጋጤ እንደ ተሸነፈ ለየመንግሥታቸው ጻፉ። ኀዘኑም ሆነ ቅዝቃዜው የመጣው ግን አስቀድሞ በስኳርና በትኩሳት በተጎዳ ሰውነት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ወደ ሕክምናው እንሻገር። ለመሻገሪያም ከራስ ጉግሣ አገር የሚነሣውን የእግር መንገድ እንከተል። በዚያ ዘመን ከበጌምድር ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄድ መንገደኛ፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ በሚባለው በፋሲል ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ ሞጣ ይወጣል፤ ከሞጣ በቢቸና በኩል ወደ ደጀን ወርዶ ዳግመኛ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ ቁልቁለት ሲወርድና ዳገት ሲወጣ የሚሰነብት ሰው ነው። የመኳንንት ወገን ደግሞ ያንኑ መንገድ በበቅሎ ይሄዳል። ሁለቱም የበሉት እንጀራ በሆዳቸው ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩ ከደም ከገባ በኋላ ግን በሁለቱ ሰውነት የሚገጥመው ዕድል አንድ አይደለም።

ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። በኢንሱሊን ትእዛዝ ከደም ከሚወጣው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ጡንቻ ነው። በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ስኳር የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች ተሸሽገው ይቀመጣሉ፤ የኢንሱሊን ትእዛዝ ሲደርስ ወደ ሕዋሱ ግድግዳ ወጥተው ይከፈታሉ። የገባውም ስኳር ወይ ይነድዳል ወይ ለነገ ይከማቻል። እንግዲህ የዳገቱ መንገደኛ ያለው ትልቅ ጸጋ ይህ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ እነዚያኑ በሮች ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ይከፍታቸዋል። ከድካሙ በኋላም እስከ አንድና ሁለት ቀን ድረስ ጡንቻው ለኢንሱሊን ታዛዥ ሆኖ ይቆያል።

ሰው ከሚያቃጥለው በላይ እየበላ ሲቀመጥ ግን ስቡ በቆዳ ሥር ካለው ጎተራ አልፎ በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይጠራቀማል። በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ የተከማቸው የስብ ትርፍራፊ የኢንሱሊንን መልእክት መንገድ ላይ ያሰናክለዋል። የሆድ ስብም ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይረጫል። ያን ጊዜ ኢንሱሊን ቢያዝ ጡንቻ አልሰማም ይላል፤ ቆሽትም ትእዛዙ እንዲሰማ አብዝቶ ኢንሱሊን ያፈስሳል። ይህ እልህ ያለ አንዳች ስሜት ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ ቆሽት ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ በጎልማሳነት የሚመጣው የስኳር ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው።

የደም ሥሮች ነገር የሚመጣው ከዚህ ጋር ነው። የደም ሥር ዝም ብሎ ቧንቧ አይደለም። ውስጡን የሸፈነው ስስ የሕዋስ ሽፋን ለኢንሱሊን ይታዘዛል፤ ሲታዘዝም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ አውጥቶ ሥሩን ያላላዋል። በዚህ ጊዜ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ተከፍተው ደሙን፣ ከደሙም ጋር ስኳሩንና ኢንሱሊኑን ወደ ጡንቻው ጓዳ ያደርሳሉ። ኢንሱሊን ግን ሥርን የሚያጠብብ ኢንዶተሊን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገርም ያስነሣል። በጤነኛ ሰው ሁለቱ ተመዛዝነው ይኖራሉ። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ግን የሚበላሸው የሚያላላው መንገድ ነው፤ የሚያጠብበው መንገድ ሳይነካ ይቀራል። ቆሽት በእልህ የሚያፈስሰው ኢንሱሊንም በዚሁ ባልተነካው መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ወደ ጡንቻ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ደም ሲያንስ ጡንቻው የሚወስደው ስኳር ይቀንሳል፤ ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ ሥሩን መልሶ ይጎዳል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ክፉ ክብ ይሆናል። የክቡም መጨረሻ የደም ግፊት፣ የሥር መደደር፣ የልብ ድካምና አንጎልን የሚመታው ስትሮክ ነው።

በአንድ ቤተ መንግሥት አባት በአንጎል የደም ሥር ሕመም ተመትተው፣ ልጅ በስኳር ታመው መሞታቸው የአንዱን ሕመም ከሌላው አመጣ ለማለት አያስችልም። ሕክምና ግን ሁለቱን ሕመሞች ጎረቤታሞች አድርጎ ያውቃቸዋል። የዕውቀቱም ዘመን በሚያሳዝን ሁኔታ በንግሥቲቱ ሕይወት ግራና ቀኝ ያለፈ ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ ከማረፋቸው ስምንት ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ ደግሞ ለሕሙማን ስኳርና ኢንሱሊን አንድ ላይ እየሰጠ፣ አንዳንዶቹ ለኢንሱሊን የሚታዘዙ፣ ሌሎቹ የማይታዘዙ መሆናቸውን ያሳወቀው በ1928 ዓ.ም. ነበር። ይህም እርሳቸው ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ትኩሳቱና ስለ ጸበሉም አንድ ቃል እንናገር። ትኩሳት ያለበት ሰው ሰውነት ኢንሱሊንን የሚቃወሙ ንጥረ ነገሮችን አብዝቶ ያወጣል፤ የስኳር ሕመምተኛ በትኩሳት ጊዜ ምግብ ባይቀምስ እንኳ ስኳሩ ከፍ የሚለው ስለዚህ ነው። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ ሰውነት ይደርቃል፣ ደም ይጎድላል። በዚህ ሰዓት ድንገተኛ ብርድ ሲመጣ ሥሮች ሁሉ ይኮማተራሉ፤ ልብ ላይም ከባድ ሸክም ይወድቃል። ይህን ስንል እምነትን ለመንቀፍ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለስኳር ሕመምተኛም የሚበጀው ምክር ይኸው ነው፤ ጸበሉ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። የሚጾምም እንደ ሆነ የመድኃኒቱን ልክና ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይማከር።

ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ እንመለስ። የጤፉ ገበሬ ከበሬ ኋላ ሲውል፣ እናት ውሃና እንጨት ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ ጡንቻቸው የስኳሩን በር ሲከፍት ይውላል። መሬቱን ለልጁ ትቶ ወደ ከተማ የገባ፣ ሱቅ ከፍቶ ከወንበር ላይ የዋለ፣ ገበያ በባጃጅ የሚሄድ፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ አባት ግን የበላው ያው እንጀራ ሆኖ ሳለ፣ ሥጋው የድሮውን የቤተ መንግሥት ኑሮ መኖር ይጀምራል። ወገቡ ሲሰፋ ዘመድ ተመችቶታል ይለዋል። እኛም እርሱን ለመምሰል እየተማርን ነው፤ ከትምህርት አዳራሽ ወንበር ወደ መሥሪያ ቤት ወንበር የምንዛወር ነንና። ቀጭን ነኝ ብሎ መዝናናትም አይገባም፤ የሰው ቁመናው ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ሲገፋ አደጋው አለ።

መልካሙ ነገር ክቡ ሊሰበር መቻሉ ነው። በ1994 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የስኳር ሕመም አፋፍ ላይ የደረሱ 3,234 ሰዎችን በሦስት ወገን ከፍሎ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል እንዲንቀሳቀሱ በተደረጉት ዘንድ ሕመሙ 58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ብቻ በወሰዱት ዘንድ ግን 31 በመቶ ቀነሰ። ይህ ልክ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፤ ለሞጣ ልጅ የገበያ መንገድ ያህል ማለት ነው።

ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ፣ ሐኪምና ካህን አላጡም ነበር፤ ያጡት በዘመናቸው ገና ያልተሟላውን ዕውቀት ነው። በስማቸው የተሰየመ ሆስፒታል ዛሬ በአዲስ አበባ አለ፤ በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል ቆሟል፤ ዕውቀቱም በእጃችን ነው። እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን የወገብ ልክ እንይ፤ ደማቸውንና ግፊታቸውን እንዲያስለኩ ይዘናቸው እንሂድ፤ ስንሄድም ባጃጁን ትተን በእግራችን እንሂድ። ያን ጊዜ የተማርነው ትምህርት ከወረቀት ወርዶ ለወላጆቻችን ዕድሜ ይሆናል።