ሮበርት ጋትሪና የጨቅላ ሕፃናት የልየታ ምርመራ አጀማመር

በበርካታ አገሮች አንድ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተረከዙ የተወሰደ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ይህ አሠራር ከአሜሪካዊው የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪ ከዶክተር ሮበርት ጋትሪ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። የሕይወት ታሪካቸውም የልየታ ምርመራን ምንነት ለመረዳት ያግዛል።

ጋትሪ እ.ኤ.አ. በ1916 በሚዙሪ ግዛት ተወለዱ። ሕክምናንና የረቂቅ ተሕዋስያንን ሳይንስ አጥንተው በባፈሎ ከተማ በካንሰር ምርምር ተሰማሩ። ከልጆቻቸው አንዱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስለነበረበት ትኩረታቸው ቀስ በቀስ ወደዚህ ችግር መከላከል አዘነበለ።

በዘመኑ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ፊኒልኬቶኑሪያ ነበር። በዚህ የዘር ሕመም የተያዘ ሕፃን ፊኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ በአግባቡ መለወጥ ስለማይችል፣ ንጥረ ነገሩ በደሙ ተከማችቶ አንጎሉን ይጎዳል። ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ሕመሙን በ1934 ለይተውታል፤ ፊኒልአላኒን የተቀነሰበት አመጋገብ እንደሚረዳም በ1950ዎቹ ታውቋል። ሆኖም በሽንት የሚደረገው ምርመራ ሕመሙን የሚያሳየው ሕፃኑ ሳምንታት ካስቆጠረ በኋላ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ ጊዜው ያመልጥ ነበር።

ጋትሪ መጀመሪያ ያዘጋጁት ዘዴ በአመጋገብ ሕክምና ላይ ያሉ ሕሙማንን ለመከታተል የታሰበ ነበር። ባሲለስ ሰብቲለስ የተባለው ባክቴሪያ ዕድገቱን በሚገታ ውሕድ ታግዶ ሳለ ደም የነካው ወረቀት ይቀመጥበታል፤ በደሙ ውስጥ ፊኒልአላኒን ከበዛ እገዳው ይሸነፍና ባክቴሪያው በወረቀቱ ዙሪያ ይበቅላል። በ1958 የባለቤታቸው እኅት ልጅ በዚሁ ሕመም መያዟ የታወቀው ጉዳቱ ከደረሰባት በኋላ ነበር። ጋትሪም ዘዴውን ወደ አራስ ሕፃናት መለሱት።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በ29 ግዛቶች 400,000 ያህል ሕፃናት ተመርምረው 39 ሕሙማን ተገኙ። በ1963 ከአዳ ሱሲ ጋር ዘዴውን በጽሑፍ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ግዛት ምርመራውን በሕግ ደነገገ። የደረቀ ደም በፖስታ መላክ መቻሉ ላቦራቶሪ በሌለበት ስፍራ የተወለደውንም ሕፃን ተጠቃሚ አደረገ። በ1970ዎቹም ይኸው ወረቀት አብሮ የሚወለድን የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ለመለየት ዋለ።

ልየታ የሕመም ማረጋገጫ አይደለም። ጤነኛ ከሚመስሉት ሁሉ መካከል ተጨማሪ ምርመራ የሚያሻቸውን ይለያል፤ አንዳንድ ጤነኞችን በስጋት ሊጠራ፣ አንዳንድ ሕሙማንንም ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ጥቅሙ በላቦራቶሪው ብቻ አይወሰንም፤ ውጤቱ ፈጥኖ ለወላጆች መድረስ፣ በሌላ ምርመራ መረጋገጥና ሕክምናው ሳይዘገይ መጀመር አለበት። ጋትሪ በ1995 እስካረፉ ድረስ ምርመራው በሌሎች አገሮችም እንዲስፋፋ ደክመዋል፤ ከዘመናቸው ወዲህ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ቢለወጡም፣ የደም ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።