ፒተር ዳንክወርትስ እና የሪአክተር መግቢያ ጥያቄ

ፒተር ቪክተር ዳንክወርትስ እ.ኤ.አ. በ1916 በእንግሊዝ ተወለዱ፤ በ1939 ከኦክስፎርድ በኬሚስትሪ ተመረቁ። በ1940 ባሕር ኃይል ገብተው ለንደን ላይ በፓራሹት የተጣሉ የጀርመን ፈንጂዎችን ሲያመክኑ፣ ዕረፍት ሳያገኙ ማለት ይቻላል በ48 ሰዓት 16 ፈንጂዎችን በመያዛቸው የጆርጅ ክሮስ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኬሚካል ምህንድስና ተምረው በ1948 በካምብሪጅ ማስተማር ጀመሩ።

ስማቸውን ያስጠራው በ1953 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ወደ ሪአክተር የገባ ፈሳሽ ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ይቆያል? መሐንዲሶች ፍሰቱን ወይ ፍጹም የተቀላቀለ ወይ ተራውን ጠብቆ የሚጓዝ አድርገው ማስላት ለምደው ነበር። ዳንክወርትስ መግቢያው ላይ መለያ ንጥረ ነገር ጨምሮ መውጫው ላይ በመለካት የቆይታ ጊዜ ስርጭትን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ።

ከጽሑፉ ለሲሙሌሽን ጸሐፊዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመግቢያውን ወሰን የሚመለከተው ክፍል ነው። ፈሳሹ በውስጥ የሚበተን ከሆነ፣ ከመግቢያው በፊት ያለው ኮንሰንትሬሽን መግቢያውን አልፎ ወዲያው ካለው ጋር እኩል አይደለም። እኩል የሚሆነው የሚጓጓዘው መጠን ነው፤ በፍሰት ብቻ የሚመጣው፣ ወደ ውስጥ በፍሰትና በብተና ከሚሄደው ድምር ጋር። ኧርቪንግ ላንግሚዩር ይህንኑ በ1908 ጽፈውት ነበር፤ መጠሪያው ግን የዳንክወርትስ ሆኖ ቀረ።

ፍጹም በተቀላቀለ ሪአክተር ለውጡ ሁሉ መግቢያው ላይ ያልቃል፤ የውስጡ ቅንብር የመውጫው ቅንብር ነው። ስለዚህ በፓይተን፣ ለምሳሌ በካንቴራ፣ የሪአክተሩን እኩልታ በራሱ መንገድ የሚያሻሽል ተማሪ የገቢውን ቅንብር ከዚያው ሪአክተር ቢያነብ የሚያገኘው የወጪውን ነው። የገቢው መረጃ የሚገኘው በፍሰት መሣሪያው በኩል ወደ ቀደመው ሪአክተር ወይም ወደ መጋቢው ማጠራቀሚያ በመመለስ ነው። ሁለቱ አንድ የጋዝ ኦብጀክት የሚጋሩ ከሆነ፣ የሚነበበው መጨረሻ የተሰላው የሌላኛው ሁኔታ ሊሆን ይችላል።

ዳንክወርትስ በ1958 ወደ ጉዳዩ ተመልሰው፣ ከአንደኛ ደረጃ ውጭ ላሉ አጸግብሮቶች የቆይታ ጊዜ ስርጭት ብቻውን እንደማይበቃና የቅልቅሉ ደረጃም መታወቅ እንዳለበት አስረዱ። የሪአክተሮችን ቅደም ተከተል መገለባበጥ ውጤቱን የሚለውጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ1959 እስከ 1977 በካምብሪጅ የሼል ፕሮፌሰር ሆነው ሠሩ፤ የጋዝና ፈሳሽ አጸግብሮቶችን የሚመለከተው መጽሐፋቸው በ1970 ታተመ። በ1984 አረፉ።