መጽሐፍ ወደ ዱር የመራው ሰው

መጻሕፍት የሰውን ሕይወት ይቀይራሉ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እንዴት እንደሚቀይሩ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ያልኩትን የዊልፍሬድ ቴሲጀርን ሕይወት በአጭሩ ላስቃኛችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴሲጀር ዜግነቱ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ የአገራቸው መንግሥት ተጠሪ ነበሩ። በልጅነቱ ከተነበቡለት መጻሕፍት ሁለቱን አንሥቼ ላውራ። አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው ፐርሲ ፊትዝፓትሪክ በ1907 ያሳተመው የጆክ ታሪክ ነው። ጆክ ውሻ ነው፤ ጌታው ደግሞ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ዕቃ እያመላለሰ በዱር የሚኖር ወጣት። ደራሲው የተነሣው ከገዛ ወጣትነቱ ቢሆንም መጽሐፉ እንደ ልብ ወለድ ነው የሚነበበው። ሁለተኛው አዳኙ ፓወል-ኮተን በ1902 ያሳተመው የኢትዮጵያ ጉዞ ትረካ ሲሆን፣ ከአዋሽ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ስሜን በረዶ ይዘልቃል። ስሜን ማለት ይሄው የእኛው ስሜን!

የልጁን ቀሪ ዕድሜ ስንመለከት ከእነዚህ ገጾች የተቀዳ ይመስላል። ኢተንና ኦክስፎርድ ተማረ፤ ልቡ ግን እዚህ ነበር። በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተጋብዞ ሲመጣ፣ በዓሉ እንዳለቀ ለአደን ወደ አዋሽ በረሃ ወረደ። በ1933 ተመልሶ መጥቶ በግመል አዋሽን ተከትሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ለመድረስ ጉዞ ጀመረ፤ ደረሰም። ሲነሣ ዕድሜው ገና 23 ነበር። በ1941 ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ጎጃም ላይ ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላ ከበዱዎች ጋር ሩብ አል ኻሊ የተባለውን የዓረብ በረሃ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። በ1960 ደግሞ በበቅሎ እስከ ስሜን መጣ። በ2003 በ93 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ እኔን የሚያሳስበኝ ምንድን ነው? መጽሐፉ ለቴሲጀር ድፍረትና መንገድ ሰጥቶታል፤ የሚያይበትንም ዓይን የሰጠው ግን ያው መጽሐፍ ነው። እስከ ዕድሜው መጨረሻ መኪናንና መንገድን እንደ ጥፋት ነበር የሚቆጥራቸው። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ለሚወጣ የስሜን ገበሬ መንገድ ማለት ነፍስ ነው። እሱ ዱር ያለው ለእኛ የገብስ ማሳና የበግ መሰማሪያ ነው። አዋሽ የት እንደሚቀርም የአፋር እረኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በአዳኙ መጽሐፍ ዋልያ ግዳይ ነበር፤ ዛሬ በ1969 በተቋቋመው ፓርክ ውስጥ የሚጠበቅ ብርቅዬ እንስሳ ነው።

ይህን ያልኩት ቴሲጀርን ለመውቀስ አይደለም። አገራችንን ወዷል፣ ለነፃነቷም ተዋግቷል። ነገር ግን አንድ ልጅ ስለ ስሜን ፈረንጆች የጻፉትን ብቻ እያነበበ ካደገ፣ የተወለደበትን ቀዬ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። የሌላ ሰው መጽሐፍ ቴሲጀርን አዋሽ ድረስ ከወሰደው፣ የራሳችን መጽሐፍ ልጆቻችንን የት ያደርሳቸው ይሆን? ከዲፓርትመንታችን ልጆች አንዱ ቡይት ራስን በእረኛ ዓይን የሚያሳይ ልብ ወለድ ቢጽፍልን፣ መልሱን ማግኘት እንጀምራለን ብዬ አምናለሁ።