ቤት ለቤት ዞረው መለያየትን የለኩት ዶክተር ዱ ቦይስ

እ.ኤ.አ በኦገስት 1896 በአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ፣ ሰባተኛ ጎዳና ከሎምባርድ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል አንድ የ28 ዓመት ጥቁር ምሁር ከአዲሷ ባለቤታቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ምሁሩ ዊሊያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱ ቦይስ ሲሆኑ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ከሆኑ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። ወደ ከተማዋ የመጡትም ጥቁሮች ነዋሪዎቿ የት እንደሚኖሩ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩና ከሌላው ሕዝብ ተለይተው የሚገኙበትን ምክንያት አጥንተው እንዲያቀርቡ ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በቀረበላቸው ጥሪ ነው።

ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1868 በማሳቹሴትስ ግዛት ግሬት ባሪንግተን በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ጥለዋቸው በመሄዳቸው ያደጉት በእናታቸው እጅ ነው። በቴነሲ ግዛት በሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በክረምት ወራት ወደ ገጠር እየወጡ የጥቁር ገበሬ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ከሃርቫርድ ቀጥሎም እ.ኤ.አ ከ1892 እስከ 1894 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው የኢኮኖሚ ምሁር በጉስታቭ ሽሞለር ሥር ተምረዋል። አስቀድሞ መረጃ መሰብሰብና መቁጠር፣ ፍርድ መስጠት ግን ከዚያ በኋላ መሆን እንዳለበት አጥብቀው ያመኑት በዚህ ትምህርት ቤት ነው። ሕዝቦች እርስ በርስ የሚጠላሉት ባለማወቅ በመሆኑ እውነቱ በቁጥር ከተገለጠ ጥላቻው ይቃለላል የሚል እምነትም ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የፊላደልፊያው ሥራ ለዚህ እምነት የመጀመሪያው ፈተና ሆነ። ጥናቱ እንዲካሄድ ግፊት ካደረጉት የከተማዋ ሹማምንትና በጎ አድራጊዎች መካከል ለከተማዋ ብልሹ አስተዳደርና ለወንጀል መብዛት ጥቁሮችን ተጠያቂ የሚያደርጉ ይገኙባቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ለዱ ቦይስ የሰጣቸው የረዳትነት ማዕረግ ብቻ ነው። የሚያስተምሩበት ክፍልም ሆነ ቢሮ አልነበራቸውም፤ ስማቸውም በመምህራን ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ጥናቱ በዋነኛነት የተካሄደው ሰባተኛው ወረዳ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ነው። በ1890 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከነበረው የፊላደልፊያ ነዋሪ ጥቁሮቹ 40 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከነዚህም ከአምስቱ አንዱ ያህል የሚኖረው በዚህ ጠባብ ወረዳ ነበር። ዱ ቦይስ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ግለሰብ፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ተቋማትና ስለ ቤት ሠራተኞች የሚጠይቁ ስድስት ዓይነት መጠይቆችን አዘጋጅተው በር እያንኳኩ መዞር ጀመሩ። ረዳት ጠያቂ አልቀጠሩም። ራሳቸው 2 ሺህ 500 ያህል ቤተሰቦችን ያነጋገሩ ሲሆን፣ ይህም ከ800 ሰዓት በላይ እንደፈጀ ይገመታል። በወረዳው 9 ሺህ 675 ጥቁሮች መኖራቸውን መዘገቡ። ነዋሪዎቹ ግን ሁልጊዜ በደስታ አልተቀበሏቸውም፤ እንደ እንግዳ ነገር መጠናታቸው ያስከፋቸው ነበሩ። ወጣቱ ምሁርም ስለ ወገኖቻቸው የሚያውቁት እምብዛም መሆኑን የተረዱት በነዚያ ደጃፎች ላይ ቆመው ነው።

የተሰበሰበው መረጃ እያንዳንዱን ቤት በሚያሳይ ካርታ ላይ በቀለም ተለይቶ ተነደፈ። ጥቁር ነዋሪዎች እንደ ኑሯቸው በአራት ደረጃ ሲከፈሉ፣ በወንጀል ይተዳደራሉ ለተባሉት የተሰጠው ቀለም ጥቁር ነበር። በደንብ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ሠራተኛውና ድሃው ጎን ለጎን መኖራቸውን ካርታው በግልጽ አሳየ። ብዙዎች አንድ ወጥ ጅምላ አድርገው ያዩት የነበረው ሕዝብ የራሱ መደቦች ያሉት ኅብረተሰብ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ጥናቱ ስለ ድሆቹ የሚናገርበት አነጋገር አልፎ አልፎ የዘመኑን የምሁራን ትምክህት ሳያንጸባርቅ አልቀረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የመኖሪያና የሥራ መለያየት አንዱ የሌላው ምክንያትና ውጤት መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። ሴቶቹ በአብዛኛው በቤት ሠራተኛነትና በልብስ አጣቢነት፣ ወንዶቹም በአስተናጋጅነት፣ በተሸካሚነትና በቀን ሠራተኛነት ይተዳደሩ ስለነበር ከአሠሪዎቻቸው ቤት ርቀው መኖር አይችሉም። ጥቁር ተከራይ የሚቀበሉ ሰፈሮች ጥቂት በመሆናቸውም አከራዮች ለደካማ ቤት ከፍተኛ ኪራይ ይጠይቃሉ። ቤተሰቡ ኪራዩን ለመሸፈን ሲል ክፍሉን ለደባል ያከራያል፤ መጨናነቁም በሽታን ያባብሳል። የእጅ ሙያ ያለው ጥቁር ሠራተኛ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራት በራቸውን ስለዘጉበት ሙያውን ትቶ ወደ አሽከርነት ይመለሳል። ለድግስ ምግብ አዘጋጅተው በማቅረብ በከተማዋ ስመ ጥር የነበሩ ጥቁር ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረሱበትን ከፍታና በኋላም ከገበያው እንዴት እንደተገፉ ጥናቱ በሰፊው ይተርካል። ለሥራ እጦቱ የችሎታ ማነስ ብቻውን ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጥናቱ "የፊላደልፊያ ኔግሮ" በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ በ1899 ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት የደረሱት ሁለት አሳዛኝ ክስተቶች ግን ዱ ቦይስ በቁጥር ላይ የነበራቸውን እምነት አናጉት። በዚያን ጊዜ በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በኤፕሪል ወር ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ነጭ አሠሪውን ገድሏል ተብሎ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት በእሳት ተቃጠለ። ዱ ቦይስ ጉዳዩን በረጋ መንፈስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፈው ወደ አንድ ጋዜጣ ቢሮ በማምራት ላይ ሳሉ የሟቹ የጣት አንጓዎች በዚያው መንገድ በሚገኝ ሱቅ ለእይታ መቅረባቸውን ሰሙ። ደብዳቤውን ሳያደርሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ወር ያህል ቆይቶም ሁለት ዓመት ያልሞላው ብቸኛ ልጃቸው በርግሃርት ዲፍቴሪያ በተባለው ጉሮሮ ዘጊ በሽታ ሞተ። የከተማዋ ነጭ ሐኪሞች ጥቁር ሕፃን አያክሙም ነበር፤ በጣት የሚቆጠሩት ጥቁር ሐኪሞችም በወቅቱ አልተገኙም። ዱ ቦይስ በመጠይቅና በሠንጠረዥ የመዘገቡት የሥራና የመኖሪያ መለያየት ደጃፋቸው ደረሰ። ወላጆቹ ልጃቸውን በጆርጂያ ምድር ለመቅበር ስላልፈቀዱ አስከሬኑን ይዘው ወደ ግሬት ባሪንግተን ተጓዙ።

ያም ሆኖ ቆጠራውን አልተዉም። እ.ኤ.አ በ1900 በፓሪስ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተማሪዎቻቸው ጋር በመሆን የጥቁር አሜሪካውያንን የመሬት ይዞታ፣ ሥራና ትምህርት የሚያሳዩ 60 ያህል በቀለም ያሸበረቁ ሥዕላዊ መግለጫዎችን በእጅ አዘጋጁ። ገንዘብ ስላጠራቸው በመርከብ ዝቅተኛው ማዕረግ ተሳፍረው ፓሪስ የደረሱ ሲሆን፣ ትርኢቱም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል።

ከዚያ በኋላ ብዕራቸው ወደ ትግል አዘነበለ። እ.ኤ.አ በ1909 የተቋቋመውን ብሔራዊ የጥቁር ሕዝቦች መሻሻል ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1910 ጀምሮ "ዘ ክራይሲስ" የተባለውን መጽሔቱን ለ24 ዓመታት መርተዋል። መጽሔቱ በተቋቋመበት ዓመት የባልቲሞር ከተማ ጥቁርና ነጭ የሚኖሩባቸውን መንገዶች የሚለይ ደንብ ያወጣች ሲሆን፣ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ማኅበሩ የሉዊቪልን ከተማ ደንብ በመቃወም ያካሄደው ክርክር እ.ኤ.አ በ1917 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አሸናፊ ሆነ። መለያየቱ ግን በሕግ ሲከለከል በውል ተመለሰ። የቤት ባለንብረቶች ለጥቁር ላለመሸጥ የሚገቡት ስምምነት እስከ 1948 ድረስ በፍርድ ቤት ይጸና ነበር።

በ1934 ዱ ቦይስ ብዙዎችን ያስደነገጠ አቋም ያዙ። መለያየቱ በቅርቡ የማይወገድ ከሆነ ጥቁሮች በራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ተቋማት መጠናከር እንዳለባቸው በመጽሔቱ ላይ በመጻፋቸው ከማኅበሩ አመራር ጋር ተጋጭተው ሥራቸውን ለቀቁ። በዕድሜ ልካቸው የታገሉትን ነገር ተቀበሉ ብለው የከሰሷቸው ቢኖሩም፣ የእርሳቸው መከራከሪያ ተገድዶ መለየትና በፈቃድ መደራጀት አንድ አይደሉም የሚል ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በኦክቶበር 1935 ዱ ቦይስ "ፎሪን አፌርስ" በተሰኘው መጽሔት ላይ ወረራው በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ ጥቁር ሕዝቦች ያለውን ትርጉም የሚተነትን ጽሑፍ አወጡ። ለእርሳቸው በፊላደልፊያ ጎዳና የተመለከቱት የቀለም ድንበር አህጉራትንም የሚከፍል ነበር።

መለኪያው ራሱ ከጊዜ በኋላ ተራቀቀ። እ.ኤ.አ በ1955 ኦቲስ ደድሊ ደንካንና ቤቨርሊ ደንካን የተባሉ ተመራማሪዎች የመለያየትን መጠን ከዜሮ እስከ 100 በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ስሌት በስፋት አስተዋወቁ። ስሌቱ ሁለቱ ወገኖች በየሰፈሩ እኩል ድርሻ እንዲኖራቸው ከአንደኛው ወገን ስንቱ በመቶ ሰፈር መቀየር እንዳለበት ይናገራል። በአንዲት ከተማ ከነዋሪው 20 በመቶው ጥቁር ቢሆንና በእያንዳንዱ ሰፈርም 20 በመቶ ጥቁር ቢኖር ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ሁለቱ ከቶ የማይገናኙ ከሆነ 100 ይሆናል። በሰፈር ምትክ የሥራ ዘርፍ ቢገባበትም ያገለግላል። ደንካኖቹ በዚሁ ዓመት በቺካጎ ባደረጉት ጥናት በመኖሪያ ከሌላው ይበልጥ ተለይተው የሚገኙት በሥራ መሰላሉ ጫፍና ታች ያሉት መሆናቸውን አረጋገጡ።

ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ በ1951 የውጭ ወኪል ናቸው በሚል ተከሰው በነጻ ተለቀዋል፤ ፓስፖርታቸውም እስከ 1958 ድረስ ተነፍጓቸው ነበር። በ1961 በፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማህ ግብዣ ስለ አፍሪካ ኢንሳይክሎፒዲያ ለማዘጋጀት ወደ ጋና ሄዱ፤ በኋላም ዜግነቷን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ ኦገስት 27 ቀን 1963 በ95 ዓመታቸው አክራ ውስጥ አረፉ፤ የጋና መንግሥትም በክብር ቀበራቸው። ዜና ዕረፍታቸው የተሰማው በማግስቱ ለሥራና ለነጻነት ዋሽንግተን አደባባይ ለወጣው በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ነው። በቤት ኪራይና ሽያጭ ዘርን መሠረት ያደረገ አድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ የጸደቀው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1968 ነበር።

ስማቸውን በመምህራን ዝርዝር ውስጥ ያላስገባው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2012 የክብር ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጣቸው።