የአምቦን ልጅ ታሪክ ማን ይጻፈው?

አምቦ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠርሙሱ ውኃ ነው። ይህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ግን ከውኃዋ ሌላ ሰውም አፍርታለች። ከእነዚህ አንዱ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ዛሬ ስሙን የማነሣው ለማወደስ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰው ታሪክ ከተወለደበት ቀዬ ርቆ ሲተረክ ምን እንደሚጎድለው ለማመልከት ጭምር ነው።

ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። አባቱም ጠላትን ሊወጉ እንደ ዘመቱ ነበሩ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ደግሞ የአንኮበር አገር አማራ ናቸው። ልጁ ሁለቱን ቋንቋዎች ከቤተሰቡ፣ ግእዝን ከቤተ ክህነት፣ እንግሊዝኛን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ቀሰመ። በአማርኛ ግጥሞቹ ውስጥ የምናገኘው ለየት ያለ የቃላት አሰካክ ከዚሁ የተወለደ ይመስለኛል።

አምቦ ተማሪ ሳለ፣ ገና በልጅነቱ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታየለት። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከቺካጎው ብላክስቶን በሕግ ተመረቀ። ሕጉ ግን አልያዘውም። ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትርን አጥንቶ ተመለሰና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን ቤት ለዓመታት መራ።

ከዚህ በኋላ የሠራው ሥራ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበዛ ነው። በ«የከርሞ ሰው» የከተማውን ተራ ሰው ኑሮ መድረክ ላይ አወጣ። ቴዎድሮስን፣ አቡነ ጴጥሮስን በተውኔት አስነሣ። የሼክስፒርን ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ በአማርኛ አናገረ። እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ29 ዓመቱ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። የግጥም መድበሉ «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. ታተመ። አብዮቱ ሲፈነዳ «ሀሁ በስድስት ወር» የተባለው ተውኔቱ ሕዝቡን ወደ ቴአትር ቤት ጎረፈ አሰኘው። ደርግ ግን ብዕሩን አልታገሠም፤ ደራሲው ታሰረ፣ ሥራዎቹም ታገዱ። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥምም የእሱ ነው። በመጨረሻ ኩላሊቱን ታሞ ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄደ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አረፈ፤ አስከሬኑ መጥቶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ በየመጽሐፉና በየጋዜጣው የሚገኝ ነው። አስተውላችሁ እንደሆነ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ስለ ለንደንና ስለ ፓሪስ የምናውቀውን ያህል ስለ ቦዳ አናውቅም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምን ያወሩለት ነበር? ያቺን የመጀመሪያ ተውኔት ከእሱ ጋር የሠሩት ልጆች እነማን ነበሩ? የአገራችን ጋዜጦች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ የሚወጡ በመሆናቸው ሰውን የሚያውቁት ዋና ከተማ ከገባ ወዲህ ነው። የፊተኛው ዕድሜው ለሐሜትና ለግምት ይቀራል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ባዶ የቀረን ቦታ ሌላ ይሞላዋል። ዛሬ ጸጋዬን አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በእናቱ በኩል ጎትቶ ግማሹን ብቻ ሊወስድ ሲሞክር እንሰማለን። ሰውየው ግን ሁለቱንም ይዞ ነው ያደገው። ሙሉውን ሰው ሊመሰክር የሚችለው ሙሉውን ያየ ቀዬ ነው። የከተማ ጋዜጣ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ታላቁን ሰው እንደ ሐውልት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ልጅ ይጽፈዋል። ጎረቤትን ደግሞ በግማሽ ማወቅ አይቻልም።

ጊዜው ግን እየሄደ ነው። የጸጋዬ እኩዮች በሕይወት ካሉ 90 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የዚያው የምዕራብ ሸዋ ልጅ፣ አርበኛው ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎም በ2009 ዓ.ም. አልፈዋል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሚጽፍ ወጣት አላት። ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ያሉትም ከተሞች የየራሳቸው ሰው አላቸው። አራት ገጽ ያላት ትንሽ ጋዜጣ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በወር አንዴ እንኳ ብትወጣ ብዙ ታተርፋለች። ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና እርሳስ ይዞ ወደ ቦዳ መሄድ፣ ሽማግሌ ፊት መቀመጥና መጠየቅ ይበቃል።