አርፓድ ቫይስ፤ የሦስት ሻምፒዮና ባለድሉ አሠልጣኝ

ኳስ የሚወድ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ስሙም አርፓድ ቫይስ ይባላል። ቫይስ በ1896 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሶልት በምትባል የሀንጋሪ ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ በግራ ክንፍ የሚሰለፍ አጥቂ ነበር። በ1924 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ከተመረጡት የሀንጋሪ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ ያ ቡድን ግን በግብፅ 3 ለ 0 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ ለአሌሳንድርያና ለኢንተር ተጫወተ። ነገር ግን ጉዳት ስለ ደረሰበት በሠላሳ ዓመቱ ገደማ መጫወቱን ተወ።

እግሩ ቢደክምም ዕውቀቱ አልደከመምና የኢንተር አሠልጣኝ ሆነ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ አሠልጣኞች ሙሉ ልብስ ለብሰው ከዳር ቆመው ሲያዙ፣ እሱ ቁምጣ ታጥቆ ከተጫዋቾቹ ጋር ሜዳ ይወርድ ነበር። ጁሴፔ ሜያትሳ የተባለውን የ17 ዓመት ልጅ አምኖ ከትልልቆቹ ጋር ያሰለፈውም እሱ ነው። በ1930 ኢንተር፣ በፋሽስቶች ዘመን በተሰጠው አምብሮዚያና በሚለው ስም፣ የኢጣሊያን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ሜያትሳም በዚያ ውድድር 31 ጎል አገባ። አሠልጣኙ ገና የ34 ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ከአልዶ ሞሊናሪ ጋር ሆኖ ስለ እግር ኳስ ጨዋታ መጽሐፍ ጻፈ።

በ1935 ወደ ቦሎኛ ሄደ። ዩቬንቱስ አምስት ዓመት በተከታታይ የያዘውን ሻምፒዮና ቦሎኛ በ1936 ወሰደው፤ በ1937ም ደገመው። በዚሁ በ1937 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ውድድር ቼልሲን 4 ለ 1 ረታ።

ይሁን እንጂ አገራችንን በ1935 የወረረው ያው የፋሽስት መንግሥት በ1938 በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ከ1919 ወዲህ ወደ ኢጣሊያ የገቡ የውጭ አገር አይሁድ በስድስት ወር ውስጥ እንዲወጡ ታዘዘ። ያ ሁሉ ድል ለቫይስ አልተቈጠረለትም። በ1939 መጀመሪያ ከባለቤቱ ከኤሌና፣ ከልጆቹ ከሮቤርቶና ከክላራ ጋር ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ሆላንድ ተሰደደ። በዚያም የዶርድሬክትን ትንሽ ክበብ እያሠለጠነ ከአንደኛው ምድብ እንዳይወርድ አዳነው።

በ1940 ጀርመኖች ሆላንድን ያዙ። በ1942 ክረምት ቤተሰቡ በሙሉ ታሠረ። በጥቅምት ወር ኤሌና፣ የ12 ዓመቱ ሮቤርቶና የ8 ዓመቷ ክላራ አውሽቪትስ በተባለው የሞት ሰፈር ተገደሉ። እሱም በግዳጅ ሥራ ከቈየ በኋላ በዚያው ሰፈር ጥር 31 ቀን 1944 ሞተ።

ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። በ2009 በቦሎኛ ስታዲየም፣ በ2012 ደግሞ በሚላኖ ስታዲየም መታሰቢያ ጽሑፍ ተተከለለት። ሲያሸንፍ ያጨበጨበለት ብዙ ነበር፤ ሲባረር ግን የተናገረለት አልተሰማም። እኛም ለአሸናፊ ማጨብጨብ ቀላል መሆኑን፣ በተገፋ ሰው አጠገብ መቆም ግን ከዚያ የሚበልጥ ጀግንነት መሆኑን ከዚህ ሰው ታሪክ እንማር።