ሰር ሂው ኬርንስ፦ ከራስ ቁር እስከ አንጎል ምስል

ዕውቁ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሰር ሂው ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1896 በደቡብ አውስትራሊያ፣ ፖርት ፒሪ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለዱ። በአዴሌድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሕክምና ክፍል ካገለገሉ በኋላ በሮድስ የትምህርት ዕድል ወደ ኦክስፎርድ አቀኑ። በ1926 ደግሞ ወደ ቦስተን ተጉዘው ከታላቁ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቬይ ኩሺንግ ዘንድ ሙያውን ቀሰሙ።

በግንቦት 1935 በአረቦች ዐመፅ ተሳትፎው የሚታወቀው ቲ. ኢ. ላውረንስ እንግሊዝ ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፤ የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ለሕክምናው ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ኬርንስ ነበሩ። ሆኖም ሕይወቱን ማትረፍ አልተቻለም፤ ከስድስት ቀን በኋላ አረፈ።

ኬርንስ በ1937 በኦክስፎርድ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1941 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ 21 ወራት በብሪታንያ 2,279 ሞተረኞችና አብረዋቸው የተሳፈሩ ሰዎች በአደጋ መሞታቸውን አመለከቱ። የራስ ቁር አድርገው የተጎዱ ሰባት ሰዎችን ብቻ ያገኙ ሲሆን፣ ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። የብሪታንያ ጦር በዚያው ዓመት ሞተረኛ መልእክተኞቹ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለመላው ሕዝብ ግን ግዴታው በሕግ የተደነገገው በ1973 ነው፤ ኬርንስ ካረፉ ከ21 ዓመት በኋላ።

በጦርነቱ ዘመን በእርሳቸው መሪነት በኦክስፎርድ የተቋቋመው የጭንቅላት ጉዳት ሆስፒታል ከ13,000 በላይ ሕሙማንን አክሟል። አብሯቸው ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ባለሙያ ሆልቦርን በ1943 ባሳተመው ጥናት፣ ጭንቅላት በድንገት ሲሽከረከር የራስ ቅል ሳይሰበር እንኳ አንጎል ውስጡ ሊጎዳ እንደሚችል አስረዳ። በዚህ ዓይነት ጉዳት በተለይ የሚጠቃው ነጩ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም የአንጎልን ልዩ ልዩ ቦታዎች የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ናቸው።

ኬርንስ በ1952 ሲያርፉ እነዚህን ክሮች በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። በ1971 የመጀመሪያው ታካሚ የተነሣበት ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ለመለየት አስቻለ። ቆይቶ የመጣው ልዩ የኤምአርአይ ዘዴ ደግሞ ውኃ በነርቭ ክሮች አቅጣጫ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ይለካል። ክሮቹ ጤናማ ሲሆኑ ውኃው ይበልጡን በእነርሱ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ሲጎዱ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ተመራማሪዎች ቀላል የሚባል የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች በዚህ ዘዴ ደጋግመው በማንሣት በነጩ ክፍል ላይ የሚታየውን ለውጥ ይከታተላሉ። ዘዴው በአመዛኙ ለምርምር የሚውል እንጂ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚታዘዝ መደበኛ ምርመራ አይደለም።

ስለሆነም የሲቲ ስካን ውጤት ጤናማ ቢሆንም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የመርሳት ወይም ትኩረት የማጣት ችግር የቀጠለበት ሰው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ሊታይ ይገባል። ከምት በኋላ ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ተጎጂውን ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በሞተር ሳይክል የሚጓዝ ማንኛውም ሰው፣ አሽከርካሪም ሆነ ተሳፋሪ፣ የራስ ቁሩን አጥልቆና ማሰሪያውን በሚገባ አጥብቆ እንዲጓዝ ይመከራል።